ልጓም የሌለው ሎሚ

እኛ የምንኖረው ኦቶና ነው። ሶዶን ለማያውቅ ተራ አድራሻ ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን ያስደነግጣል። ስልክ ተደውሎ «የት ናችሁ?» ስንባል «ኦቶና» ካልን የሚከተለው ጥያቄ «ውይ! ማን ታመመ?» ነው። ኦቶና ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ሆስፒታሉ ነዋ! ከሆስፒታል አጥር ማዶ ጤነኛ ሰው ቤት ተከራይቶ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? እኛ ግን አለን። አራት ነን፣ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንዳችን ሕክምና ሊጨርስ ጥቂት የቀረው፣ አንዳችን የኬሚስትሪ አስተማሪ፣ አንዳችን የባንክ ሠራተኛ፣ አንዳችን ደግሞ «ቢዝነስ ላይ ነኝ» የሚል ነው (ትርጉሙን ለአንባቢ ትተናል)።

ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ግን ስለ እኛ ሳይሆን ስለ ሎሚ ነው። ስለሚያሰክር ሎሚ።

መቼም የቢራ ዋጋና የእኛ ደሞዝ ሩጫ ገጥመው ማን እንደቀደመ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ «ለምን ራሳችን አንጠምቅም?» ተባባልን። ጠላ እንዳንጠምቅ አሻሮ መቁላት የሚችል ከመካከላችን አንድም የለም። ጠጅ እንዳንጥል ማር ከቢራም ብሶ ተወድዷል። ሎሚ ግን አለ። ስኳር አለ (ሲገኝ)። የዳቦ እርሾ በየሱቁ አለ። ጀሪካን አለ። ታዲያ ምን ቀረ?

አሠራሩን ደብቀን አናጓጓችሁም፤ እነሆ። 12 ሊትር ያህል ውኃ አፍልተን አቀዘቀዝን። 3 ኪሎ ስኳር አሟሟንበት። 40 ሎሚ ጨምቀን አንድ ሊትር ገደማ ጭማቂ አገኘን፤ ግማሹን ወዲያው ጨመርን፣ ግማሹን ለኋላ አስቀመጥን። ምክንያቱም እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ገና ሳይጠነክር ኮምጣጣ ነገር ሲበዛበት ሥራውን ይለግማል። አንድ እፍኝ ዘቢብ አከልን፤ ስኳርና ውኃ ብቻውን እርሾን አያጠግበውም፣ ትንሽ ሌላ ምግብ ይፈልጋል። በመጨረሻ በለብ ያለ ውኃ የተነቃቃ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዳቦ እርሾ። ይህ ሁሉ ሲደባለቅ 15 ሊትር ይሆናል፤ 20 ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውስጥ አረፋ መተንፈሻ ይተርፈዋል። አፉ ላይ በመርፌ የተበሳ ፊኛ አሰርንበት።

በማግስቱ ፊኛው ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቀን። ጀሪካኑ ላይ ጆሮ ሲያስጠጉት እንደ ዝናብ ይንሿሿል። ቤታችን የዳቦ ቤትና የሎሚ ሽታ ተቀላቅሎበት ሰነበተ። በሳምንቱ የቀረውን የሎሚ ጭማቂ ጨመርን። በሁለተኛው ሳምንት ፊኛው ረገበ፣ ድምፁ ጠፋ፣ እርሾው ከሥር ተኛ። ሐኪማችን ከፋርማሲ የገዛውን አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ አምጥቶ (የሙያ ነገር!) ንጹሑን ከአተላው ለየልን። አቀዘቀዝነው፤ ትንሽ ስኳር ጣል አደረግንበት፤ ቀዳን።

እና… ጣፈጠ። ጎበዝ፣ እውነት እንናገር ካላችሁ በጣም ጣፈጠ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እንደ ውኃ ጠጣነው። ሁለተኛውን ስንጨርስ ባንከሩ «ይሄ ነገር ግን ሠርቷል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን የሰጠን እግራችን ነው፤ ልንነሳ ስንል።

* * *

አስተማሪያችን በማግስቱ ሒሳቡን ሠራልን። እርሾ ስኳር ይበላል፤ የበላውን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ጌ-ሉሳክ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1815 ቀመሩን አስቀመጠው፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ሲጻፍ ከ180 ግራም ግሉኮስ ወደ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይወጣል ይባላል። ይህን የሚሠራው ሕይወት ያለው ፍጥረት መሆኑን ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ፓስተር በ1850ዎቹ መጨረሻና በ1860 አሳየ። ለጠማቂ የሚጠቅመው አጭሩ ስሌት ይህ ነው፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 17 ግራም ገደማ ስኳር ሲያልቅ 1 በመቶ አልኮል ይሆናል። የእኛ ጀሪካን በሊትር 200 ግራም ስኳር ነበረው። ስለዚህ ወደ 12 በመቶ እየተጠጋ ነው ማለት ነው።

12 በመቶ ማለት ምንድነው? ሱቅ የሚሸጠው ቢራ አብዛኛው 5 በመቶ አካባቢ ነው። በቢራ ብርጭቆ አንድ ሎሚ የጠጣ ሰው ከሁለት ቢራ በላይ ጠጥቷል። ልዩነቱ ቢራ የጠጣ ሰው ቢራ መጠጣቱን ያውቃል። ሎሚ የጠጣ ሰው ሎሚ የጠጣ ነው የሚመስለው።

እኛን ያሳሰበን ይህ ነው። ለዚህ ነው ስለ አሠራሩ ብቻ ጽፈን ያላቆምነው።

* * *

ከግቢያችን ጎን ቦርዴ የሚሸጡ እናት አሉ። ልጆቻቸውን አሳድገው ትምህርት ቤት የላኩት በዚሁ ቦርዴ ነው። በሙያው ከእሳቸው የሚቀድም ስለሌለ አንድ ብርጭቆ ይዘን ሄድን። «እማማ፣ እስቲ ይቅመሱልን» አልናቸው። ተቀበሉን፣ አሸተቱት፣ ጥቂት አፋቸው ውስጥ አቆዩት፣ ዋጡት።

«ይጣፍጣል» አሉ። ተደሰትን። ብርጭቆውን መለሱልንና ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «ግን ልጆቼ፣ ይሄ ማንን ያጠግባል?»

ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ጥያቄው ከእኛ ጋር ወደ ቤት ገባ። ምክንያቱም ሴትየዋ ስለ ጥጋብ ብቻ አልነበረም የሚጠይቁት። ስናስበው ስናስበው የደረስንበት ነገር ይህ ነው፦ እናቶቻችን የሚሠሯቸው መጠጦች ሁሉ ልጓም አላቸው። ልጓሙ መጠጡ ውስጥ ወይም አጠገቡ ተሠርቶ ነው የሚመጣው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

ቦርዴ። የቦርዴ ልጓም ሆድ ነው። ከበቆሎ፣ ከገብስ ወይም ከሌላ እህልና ከብቅል የሚሠራ፣ ወፍራም፣ አልኮሉ ዝቅ ያለ መጠጥ ነው። ደቡብ ውስጥ ቀን ሠራተኛ ቦርዴ ከጠጣ ምሳ በልቷል፤ ቦርዴን ያጠኑት ከበደ አበጋዝና ባልደረቦቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ ሰዉ እንደ ምግብ ምትክ እንደሚጠቀምበት ጽፈዋል። ለወላድ ጡት ወተት ያመጣል ተብሎም ይታመናል። በዚያ ላይ አይቆይም፤ ከተሠራ በሰዓታት ውስጥ፣ ቢበዛ በቀኑ ማለቅ አለበት፤ ከዚያ ይኮመጥጣል። ሰው በቦርዴ ከመስከሩ በፊት ይጠግባል። ጎተራ ሞልቶ ለክፉ ቀን ማስቀመጥም አይቻልም።

ጠላ። የጠላ ልጓም ድካሙና ሰው ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል፤ ጌሾ ይወቀጣል፣ ብቅል ይበቅላል፣ አሻሮ ይቆላል፣ ይጠነሰሳል፣ ይደፈደፋል፣ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ የለፋ ሰው ለብቻው ክፍል ዘግቶ አይጠጣውም። ለማኅበር ነው፣ ለበዓል ነው፣ ለደቦ ነው። የምትቀዳው ደግሞ እናት፣ አክስት ወይም ጎረቤት ናት፤ ዓይንህን አይታ «ይበቃሃል፣ ልጄ» የማለት ሥልጣን አላት።

ጠጅ። ይሄኛው ቀላል አይደለም። ሞገሴ አሸናፊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የጠጅ አልኮል ከ3 በመቶ በታች ጀምሮ 20 በመቶን እስከሚያልፍ ተለያይቶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ «የእኛ ሎሚ ምን አደረገ ታዲያ?» የሚል አይጠፋም። የጠጅ ልጓም ግን ማሩ ነበር። ማር ውድ ነው፤ በድሮ ጊዜ ጠጅ የግብር አዳራሽ፣ የጌቶች ቤት መጠጥ የሆነው በከንቱ አይደለም። ከዚያ ደግሞ ብርሌው አለ። «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ሲባል ስለ ውበት ብቻ አይመስለንም፤ ያ ቀጭን አንገት እኮ በአንዴ ገልብጠህ እንዳትጠጣ ነው የሚይዝህ።

አረቄ። የአረቄ ልጓም ጉሮሮ ነው። ያቃጥላል። የሚቀዳበት ዕቃ ስሙ ራሱ «መለኪያ» ነው። ከዚህ በላይ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ምን አለ? (አረቄ ስንት ቤት እንዳፈረሰ እናውቃለን። ልጓም አለው ማለት ፈረሱ አይጋልብም ማለት አይደለም።)

የእኛ ሎሚስ? አያጠግብም። አያቃጥልም፤ ስኳሩና ኮምጣጣው አልኮሉን ሸፍነውታል። አያደክምም፤ የሠራነው በአንድ ከሰዓት ነው። ውድ አይደለም። እርጅናም አይዘውም፤ ለሳምንታት ይቀመጣል። የሚቀዳልን እኛው፣ የምንጠጣው እኛው፤ «ይበቃሃል» የሚል የለም። በዓል አይጠብቅም፤ ማክሰኞ ማታ ይበቃዋል። በብርጭቆ ሳይሆን ሰው በሃይላንድ ይዞት መንገድ ላይ ቢጠጣው ማንም አያውቅም።

ለዘመናት አንድ በአንድ የተበጁ ልጓሞችን እኛ በ3 ኪሎ ስኳርና በአንድ ማንኪያ እርሾ አወለቅናቸው።

* * *

«ድሮ ቀረ!» እያልን ልናለቅስ አይደለም። መጠጥ ከማር ወደ ስኳር ሲሻገር እኛ የመጀመሪያዎቹም አይደለንም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር ቀስ በቀስ ከሀብታም ቤት ወደ እያንዳንዱ ሱቅ ገባ፤ ጠጅ ውስጥም ገባ። ዛሬ «የማር ጠጅ ነው ወይስ የስኳር?» ተብሎ የማይጠየቅበት ጠጅ ቤት የለም። የስኳር ጠጅ የሚጥሉ እናቶችም ቢሆኑ ግን ጌሾውን አልተዉም፣ ጊዜውንም አልተዉም፣ ደንበኛቸውንም በዓይን ይከታተላሉ። ልጓሙ ላልቶ ይሆናል እንጂ አልወለቀም።

ያው ነገር ፊንላንድ ውስጥም ደርሷል። ፊንላንዶች «ሲማ» የሚሉት መጠጥ አላቸው። በጥንት ጊዜ እንደ ጠጃችን ከማር ነበር የሚሠራው፤ ኋላ ማሩ ቀርቶ በስኳርና በሎሚ ተተካ። ዛሬ በየዓመቱ ሜይ ዴይ ሲመጣ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠምቀዋል፦ ሎሚ፣ ስኳር፣ ውኃ፣ እርሾ። ልክ የእኛው! ልዩነቱ እርሾው ቁንጥር ነው፤ የሚቆየውም ጥቂት ቀን ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ዘቢብ ይጥላሉ፤ ዘቢቡ በጋዙ ተነስቶ ላይ ሲንሳፈፍ «ደርሷል» ብለው ቀዝቃዛ ቦታ ያስገቡታል፣ ወዲያው ይጠጡታል። አልኮሉ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከትልቅ እስከ ትንሽ ይቀምሰዋል። በእኛ አራት ነገር እነሱ የበዓል ለስላሳ ሠሩ፤ እኛ 12 በመቶ ሠራን። ልጓማቸው ያቺ ዘቢብ ናት።

ልጓም ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ሌሎች አይተውታል። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 «ቱ ዶግስ» የተባለ ከሎሚ የተጠመቀ አልኮል ገበያ ወጣ፤ ታሪኩ ሎሚው ያልተሸጠለት ጎረቤት ገበሬ ነው ይባላል። በ1995 እንግሊዝ ውስጥ «ሁች» ተከተለ። እንደ ለስላሳ የሚጣፍጥ፣ እንደ ቢራ የሚያሰክር። ወጣቱ ተንጋጋ። ብዙም ሳይቆይ ግን ወላጅ፣ ጋዜጣና ፓርላማ ጮኹ፦ «ይሄ መጠጥ ለማን ነው የተሠራው? ለልጆች ነው ወይ?» ጩኸቱ በርትቶ በ1996 የመጠጥ ኩባንያዎቹ በራሳቸው ላይ የአሻሻጥ ደንብ ለማውጣት ተገደዱ። እነሱ ፋብሪካ ነበራቸውና ደንብ ወጣላቸው። የእኛን ጀሪካን ማን ደንብ ያወጣለታል?

ሕጉማ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። ነገር ግን አዋጅ ሱቅ ድረስ እንጂ አልጋ ሥር የተቀመጠ ጀሪካን ድረስ አይመጣም።

* * *

ሶዶ ላይ ነገሩ አንድ ሌላ ክብደት አለው። እዚህ «አልጠጣም» ማለት ለብዙ ሰው የጤና ወይም የገንዘብ ጉዳይ ሳይሆን የእምነት ጉዳይ ነው። ሚስዮናውያኑ ወደ ወላይታ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የኦቶና ሆስፒታልም መነሻው የእነሱ የሕክምና ሥራ ነው። በ1937 ጣልያን ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት አማኝ ጥቂት ደርዘን ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ «እኛ ቤት አልኮል አይገባም» የሚባለው ቃል ከአያት ወደ ልጅ የተላለፈ ቃል ነው። ከእኛ ከአራታችን የሁለታችን ወላጆች እንደዚያ ናቸው። የእኛ መንገድ ሌላ ቢሆንም ያን ቃል እናከብረዋለን፤ ያሳደገን እሱ ነዋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአስተማሪያችን ታናሽ ወንድም ከትምህርት ቤት ወጥቶ ፀሐይ መትቶት መጣ። 17 ዓመቱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ሰላም ብሎን በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደ። እዚያ ውስጥ ቢጫ፣ ቀዝቃዛ፣ ጤዛ የለበሰ ሦስት ሃይላንድ ተደርድሯል። አንዱን አውጥቶ ክዳኑን እየከፈተ «ጁስ ነው አይደል?» አለ።

«አይደለም!» አልን አራታችንም በአንድ አፍ። ልጁ ደነገጠ። ጠርሙሱን መልሶ ውኃ ጠጣ።

ምንም አልሆነም። ግን አስቡት። ልጁ ባይጠይቅስ? እኛ ቤት ባንኖርስ? ጠላ ቢሆን በቅራሪው ሽታ ያውቀው ነበር፤ አረቄ ቢሆን ክዳኑን ሲከፍት አፍንጫው ይነግረው ነበር። ይሄኛው ግን ራሱን አይናገርም። አንድ ልጅ በሕይወቱ «አልጠጣም» ብሎ የያዘውን ውሳኔ እሱ ሳያውቅ ሌላ ሰው ሊያፈርስበት ይችላል ማለት ነው። ከስካሩ ይልቅ እኛን የከበደን ይሄ ነው። መጠጣትም አለመጠጣትም የሰው የራሱ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ሊሆን የሚችለው ግን የቀረበለትን ሲያውቅ ነው።

* * *

እንግዲህ ጀሪካኑን እንድፋው? አልደፋነውም። አንድ ምሽት ተቀምጠን «ልጓም ከሌለው እናብጅለት» ተባባልን። ያበጀነውን እናካፍላችሁ፤ የምትጠምቁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ስም። ጠርሙሱ ሁሉ ላይ በማርከር «አልኮል 12%» ተብሎ ይጻፋል። በትልቁ። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆው ከመቀዳቱ በፊት ቃሉ ይነገራል።

ሁለተኛ፣ መለኪያ። በውኃ ብርጭቆ መቅዳት ቀረ። ከገበያ ትንንሽ ብርጭቆ ገዛን፤ እሱም ምግብ ከተበላ በኋላ ነው። ሞተር ይዞ የመጣ እንግዳ ቁልፉን ለባንከሩ ያስረክባል (የሰው ንብረት መያዝ ለምዶበታል)።

ሦስተኛ፣ ዕቃ። ጀሪካኑ ምግብ ወይም ውኃ የተያዘበት መሆን አለበት፤ ነጭ ጋዝ ወይም ኬሚካል የነበረበትን አጥቤዋለሁ ብላችሁ እንዳትነኩት። ገና እየፈላ ያለውን ደግሞ በመስታወት ጠርሙስ ከድናችሁ እንዳታስቀምጡ፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ጠርሙሱን እንደ ቦምብ ነው የሚበትነው።

አራተኛ፣ «ለምን አረቄ አናወጣውም?» የሚል ሐሳብ ከቢዝነስ ሰውዬው መጥቶ ነበር፤ ውድቅ ሆኗል። ሐኪማችን ያስረዳን እንዲህ ነው፦ ሎሚና ስኳር ብቻ ሲፈላ ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ለጉዳት የሚበቃ ያህል አይወጣውም። ሰው የሚጨርሰው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ሲቀላቀልበት፣ ለፋብሪካ የተሠራ አልኮል መጠጥ ተብሎ ሲሸጥ ነው። አረቄ ማውጣት ግን ከእሳትና ከሚቀጣጠል እንፋሎት ጋር መጫወት ነው፤ በተከራይ ክፍል ውስጥ የሚሞከር አይደለም። በዚያ ላይ 12 በመቶ ያልበቃው ሰው ችግሩ የመጠጡ ጥንካሬ አይመስለንም።

አምስተኛው የምንወደው ነው። ለጠጅ ብርዝ አለው አይደል? ማሩ ያው ማር ነው፤ ሳይጠነክር ይጠጣል። ፊንላንዶቹም በሲማ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኛም «የሎሚ ብርዝ» ጀመርን። ለአንድ ሊትር ውኃ 80 ግራም ስኳር፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ እርሾ። በሃይላንድ ሞልታችሁ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ። ፕላስቲኩን በእጅ ስትጫኑት ጠንከር ካለ ደርሷል፤ ወዲያው ፍሪጅ ይገባል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይጠጣል። ይንፏፏል፣ ያረካል፣ አልኮሉ ከምኑም አይቆጠርም። ከምኑም አይቆጠርም ማለት ግን ዜሮ ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ይህንንም ቢሆን ለማይጠጣ ሰው ሳንነግር አንሰጥም። ለኳየር ዘማሪያችን እርሾ ያልነካው፣ የዕለቱ የሎሚ ጭማቂ ፍሪጅ ውስጥ ለብቻው አለለት። በእሱም ላይ ስሙ ተጽፏል።

ከጀመርን ወዲህ ያየነው ነገር ቢኖር፣ 12 በመቶው እየቀነሰ፣ ብርዙ እየፈጠነ መሄዱ ነው። ጠንካራው ለወራት ይቀመጣል፤ ብርዙ በሁለት ቀን ያልቃል። ለካ ብዙ ጊዜ የሚጠማን መጠጥ እንጂ ስካር አልነበረም።

እማማን ደግሞ አንረሳቸውም። መስከረም መጥቶ ጊፋታ ሲደርስ በየቤቱ ሥጋው፣ ዳጣው፣ ጭፈራው ይሞላል፤ እኛ ቤትም ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል። ስለ መጠጡ ተወያይተናል። ሎሚያችን በትንሿ መለኪያ፣ ስሙ ተነግሮ ለፈለገ ይቀዳል። ቦርዴውን ግን አዘናል፤ ሁለት ጀሪካን፣ ከጎረቤታችን። «ለስንት ሰው ነው?» ብለው ሲጠይቁን «ለሃያ» አልናቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው አንዱ ይበቃችኋል፤ ይጠግባሉ» ብለው የአንዱን ጀሪካን ቀብድ መለሱልን።